«ዩ ጋይስ» ሲሉን ንቀውን ነው?

ከሜሪላንድ አንዲት እናት ይህን ጥያቄ ልከውልኛል፦ «የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። አለቃችን በዕድሜ ልጄ የምትሆን አሜሪካዊት ናት። ጠዋት ስትገባ ‹ሃይ ጋይስ› ትለናለች። ስብሰባ ላይም ‹ዩ ጋይስ› እያለች ነው የምታናግረን። በእኛ ፈረቃ አንድም ወንድ የለም፤ የልጅ ልጅ ያየን ሴቶች ነን። ‹ጋይ› ወንድ ማለት አይደለም እንዴ? ንቀት ይሁን መቅረብ ግራ ገባኝ። ታናሿ ልጄ ደግሞ ‹ቃሉ የመጣው በየዓመቱ ከሚያቃጥሉት ሰው ነው› አለችኝ። እውነቷን ነው? እኔስ መልሼ ብላቸው ነውር ይሆናል?»

እህቴ፣ አለቃዎ አልናቀችዎትም። ታሪኩ ረዘም ስለሚል ይህን አስቀድሜ ልንገርዎ። ልጅዎም እውነቷን ነው። ቃሉ የአንድ ሰው ስም ነበር። የዚያ ሰው ምስል እንግሊዝ አገር ዛሬም በዓመት አንድ ምሽት ይቃጠላል።

ቅር ያለዎት ለምን እንደሆነ ይገባኛል። «ዩ ጋይስ» ጆሮዎ ውስጥ ሲደርስ «እናንተ ሰዎች» ሆኖ ነው የሚሰማዎት። በእኛ ቋንቋ ደግሞ «እናንተ ሰዎች» ብሎ አፉን የከፈተ ሰው ሊቆጣ ነው። «እናንተ ሰዎች ምን ነካችሁ?» «እናንተ ሰዎች አታፍሩም?» እንላለን። ከዚያ በኋላ ደግ ነገር አይጠበቅም። በእንግሊዝኛው ውስጥ ግን ያ ቁጣ የለም። «ዩ ጋይስ» ማለት «እናንተ» ማለት ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም። የአንድ ሰው ስም እንዴት «እናንተ» ሊሆን እንደቻለ ለማየት ወደ ለንደን መሄድ አለብን። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋይ ፎክስ በ1570 ዮርክ በምትባል የሰሜን እንግሊዝ ከተማ ተወለደ። አባቱ ፕሮቴስታንት ነበሩ። ልጅ ሳለ ሞቱ፤ እናቱም ካቶሊክ አገቡ። እሱም ካቶሊክ ሆነ። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ካቶሊክ መሆን ዋጋ ያስከፍላል። በመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ያልተገኘ በገንዘብ ይቀጣል። የካቶሊክ ቄስ ቤቱ የደበቀ ሊሰቀል ይችላል። ፎክስ አገሩን ጥሎ ወጣና ፍላንደርስ (የዛሬዋ ቤልጅየም አካባቢ) ውስጥ ለስፔን ጦር ተዋጋ። እዚያ ራሱን «ጊዶ» ብሎ መጥራት ጀመረ፤ ይህ የዚያው የ«ጋይ» የደቡብ አውሮፓ መልክ ነው። የባሩድ ዕውቀቱንም ያካበተው በዚሁ ውትድርና ነው።

በ1604 ሮበርት ኬትስቢ የሚባል ባላባት ሴራ ጠነሰሰ። ሐሳቡ ፓርላማው በሚከፈትበት ቀን ንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስን፣ መኳንንቱንና ጳጳሳቱን ከነአዳራሹ በባሩድ ማጋየት ነበር። (በአማርኛ «ጋየ» ማለት ነደደ ማለት መሆኑ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ግጥምጥሞሽ ነው እንጂ ሁለቱ ቃላት ዝምድና የላቸውም።) የሴራው አባት ኬትስቢ ነው፤ እሳቱን እንዲለኩስ የተመደበው ግን ፎክስ ነው። ከሎርዶች ምክር ቤት ሥር አንድ ምድር ቤት ተከራዩ። እዚያ 36 በርሜል ባሩድ አከማቹ። በላዩ ላይ ማገዶ ከመሩበት።

ኦክቶበር 26 ቀን 1605 ከመኳንንቱ አንዱ ለነበሩት ለሎርድ ሞንቲግል የላኪው ስም የሌለበት ደብዳቤ ደረሳቸው። መልእክቱ ከፓርላማው መክፈቻ እንዲቀሩ የሚመክር ነበር። እሳቸውም ደብዳቤውን ለመንግሥት ሰጡ። ከኖቬምበር 4 ለ5 አጥቢያ በተደረገው ፍተሻ ፎክስ እዚያው ተያዘ፤ ካባ ደርቦ፣ ለመጋለብ የተዘጋጀ ቦት ጫማ ተጫምቶ። ስሙን ሲጠይቁት «ጆን ጆንሰን» አለ።

ንጉሡ እንዲያሰቃዩት በጽሑፍ ፈቀዱ። ትእዛዙ ከቀላሉ ስቃይ ተጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ ከባዱ እንዲኬድ ይላል። ከዚያ በኋላ ፎክስ የፈረመባቸው ወረቀቶች እስከ ዛሬ በእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል። አንዱ ላይ «ጊዶ» የሚለው ስም ብቻ ይታያል፤ ፊደሎቹ የደከሙና የተንሻፈፉ ናቸው፣ ለመነበብ ያስቸግራሉ። ከቀናት በኋላ በፈረመው ሌላ ወረቀት ላይ ሙሉ ስሙ ቀጥ ብሎ ተጽፏል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ከመጀመሪያው ፊርማ በፊት የሆነውን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። እኔ ይህን ፊርማ ሳስብ «ጋይ» የሚለው ቃል ቀልድ መስሎ አይታየኝም።

ፎክስ ጃንዋሪ 31 ቀን 1606 ዌስትሚንስተር ውስጥ ተገደለ። ፓርላማው ኖቬምበር 5 በየዓመቱ የምስጋና ቀን እንዲሆን ሕግ አወጣ። ሕጉ እስከ 1859 ጸንቶ ቆየ። ሕዝቡ ግን ሕግ አልጠበቀም፤ ሴራው የከሸፈ ዕለት ማታ ነው ለንደን ውስጥ በየመንገዱ እሳት ያነደደው።

እሳቱ ላይ የሰው ምስል መጣል ቆይቶ የመጣ ነገር ነው። መጀመሪያ አካባቢ በብዛት የሚቃጠለው የሮማው ጳጳስ ምስል ነበር። በኋላ ልጆች በአሮጌ ልብስ ውስጥ ገለባና ጨርቅ እየጠቀጠቁ የፎክስን ምስል መሥራት ያዙ። በጋሪ እየገፉት ከቤት ቤት ይዞራሉ፤ «ለጋዩ አንድ ፔኒ!» እያሉ ይለምናሉ። የእኛ ልጆች ለቡሄ ሆያ ሆዬ እያሉ እንደሚዞሩት ማለት ነው። በተገኘው ሳንቲም ርችት ይገዛል። ሲመሽ ምስሉ እሳት ውስጥ ይገባል። ያ በገለባ የተሞላ ምስል «ጋይ» ተባለ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ቃሉ በዚህ ትርጉም ተጽፎ ይገኛል።

ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ አጭር ነው። እኛ አለባበሱ ያላማረን ሰው «ማስፈራሪያ መስሏል» እንደምንለው፣ በ1830ዎቹ እንግሊዞች የተዝረከረከና ለዓይን የሚያስቅ ሰው «ጋይ» ማለት ጀመሩ። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ ያኔ ለሴትም ይባል ነበር። ባርኔጣዋ ያላማረባት ወይዘሮ መስታወት ፊት ቆማ «ጋይ መሰልኩ» ትላለች። ስለዚህ ቃሉ ለሴት ሲባል የእርስዎ አለቃ የመጀመሪያዋ አይደለችም፤ የዱሮው ግን ስድብ ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ስድቡ ረገፈ። ከ1840ዎቹ ጀምሮ «ጋይ» እዚያ ማንኛውም ሰውዬ ማለት ሆኖ ይገኛል። ለምን አሜሪካ ውስጥ? የእኔ ግምት ይህ ነው። ቅኝ ግዛት በነበሩበት ዘመን በተለይ ቦስተን ውስጥ ኖቬምበር 5 በጫጫታ ይከበር ነበር፤ የጳጳሱ ምስል ይቃጠላል፣ የሰፈር ጎረምሶች ይደባደባሉ። በ1775 ጆርጅ ዋሽንግተን ለወታደሮቻቸው ይህን በዓል እንዳያከብሩ ከልክለው ትእዛዝ አወጡ። በዚያ ወቅት ካናዳ ያሉ ካቶሊኮች ከጎናቸው እንዲቆሙ ይፈልጉ ነበር። የጳጳሱን ምስል ማቃጠል ለዚህ አይበጅም። ከነፃነት በኋላም የእንግሊዝን ንጉሥ መትረፍ የሚያከብርበት ምክንያት ያለው አሜሪካዊ አልነበረም። በዓሉ እየሞተ ሄደ። ምስሉን አይቶ የማያውቅ ልጅ «ጋይ» ሲባል የሚያቃጥል ነገር አይታየውም። ቃሉ ቀረ፣ እሳቱ ጠፋ።

ስለ ስሙ ምንጭም በአጭሩ ልጨምር። «ጋይ» መነሻው የጥንት ጀርመን ነገዶች ስም ነው፤ «ዊዶ» ይሉት ነበር። ፈረንሳይኛ «ው»ን ወደ «ግ» ይለውጣል፤ ዊልያምን «ጊዮም» እንደሚለው። ከሰሜን ፈረንሳይ መጥተው እንግሊዝን የያዙት ኖርማኖች ስሙን ወደ እንግሊዝ አመጡት። እስራኤል ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ «ጎይ» ከሚለው የዕብራይስጥ ቃል ጋር ታገናኙት ይሆናል። «ጎይ» ሕዝብ ማለት ነው፣ አይሁዳዊ ላልሆነ ሰውም ይባላል። ከ«ጋይ» ጋር ግን በድምፅ ከመቀራረብ ያለፈ ነገር የላቸውም። ድንኳን ወጥሮ የሚይዘው ገመድም በእንግሊዝኛ «ጋይ» ይባላል፤ እሱም ሌላ ቃል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። «ሰውዬ» የሚል ቃል እንዴት ለሴቶች ስብስብ ዋለ? መልሱ ያለው እንግሊዝኛ በጎደለው ነገር ውስጥ ነው። እንግሊዝኛ «እናንተ» የለውም።

እኛ አንተ፣ አንቺ፣ እናንተ፣ እርስዎ፣ አንቱ እያልን እንለያለን። እንግሊዝኛ ለእነዚህ ሁሉ ያለው አንድ «ዩ» ብቻ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ድሮ ለአንድ ሰው «ዛው»፣ ለብዙ ሰው «ዪ» ወይም «ዩ» ይባል ነበር። በመካከለኛው ዘመን የፈረንሳይኛ ተጽዕኖ መጣና አንድን ትልቅ ሰው በብዙ ቁጥር መጥራት ተለመደ። እኛ አንድ ሽማግሌ ሲመጡ «ኑ፣ ተቀመጡ» እንደምንለው ነው። «ዩ» አንቱታ ሆነ። «ዛው» ለልጅ፣ ለሎሌ፣ ለቅርብ ወዳጅ ቀረ። ለእግዚአብሔርም ቀረ፤ እኛም ብንሆን ስንጸልይ «አንተ» ነው የምንለው።

«ዛው» ለማዋረድም ያገለግል ነበር። በ1603 ሰር ዋልተር ራሌይ የሚባሉ የታወቁ መርከበኛና ባለሟል በአገር ክህደት ተከሰው ፍርድ ቤት ቀረቡ። ዐቃቤ ሕጉ ኤድዋርድ ኮክ በንዴት እጅግ የታወቀ ነገር ተናገረ። ወደ ዛሬው እንግሊዝኛ ሊመለስ አይችልም፤ በአማርኛ ግን ልክ ይገባል፦ «አንተ ነው የምልህ፣ አንተ ከሃዲ!» እንዲህ ያለ አነጋገር ለእኛ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ፍርድ ቤት ውስጥ አንድ ባለማዕረግ በድንገት ከአንቱታ ወደ «አንተ» ሲወርድ ሁላችንም እንደነግጣለን። ይኸው ኮክ በጃንዋሪ 1606 ጋይ ፎክስንና ጓደኞቹንም የከሰሰ ዐቃቤ ሕግ ነው።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ኩዌከር የሚባሉ አማኞች «በእግዚአብሔር ፊት ሁሉ እኩል ነው» ብለው ለዳኛውም ለባላባቱም «ዛው» ማለት ጀመሩ። በዚህ ምክንያት የተደበደቡ ነበሩ። የቀረው ሕዝብ ግን የሄደው በተቃራኒው መንገድ ነው። ማንን አንተ፣ ማንን አንቱ እንደሚል ሲቸገር ማንንም ላለማስቀየም ለሁሉም አንቱታውን ሰጠ። 17ኛው መቶ ዘመን ሲያበቃ «ዛው» ከከተማ ሰው የዕለት ንግግር ጠፍቶ ነበር። ብዙ ሰው እንግሊዝኛ አክብሮት የማያውቅ ቋንቋ ይመስለዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሁሉንም ሰው አንቱ ያለ ቋንቋ ነው።

ግን ዕዳ ጥሎ ሄደ። «ዩ» ለአንዱም ለአስሩም ስለሆነ ተናጋሪው ማንን እንደጠራ አይታወቅም። አለቃዎ እርስዎን እያየች «ካን ዩ ስቴይ?» ብትል እርስዎን ብቻ ነው ወይስ ፈረቃውን በሙሉ? አማርኛ ውስጥ «ትቆያለሽ?» እና «ትቆያላችሁ?» ፈጽሞ አይምታቱም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን ጉድለት ለመድፈን በየአካባቢያቸው የራሳቸውን ቃል ፈጠሩ። የአሜሪካ ደቡብ «ዮል» ይላል። ፒትስበርግ «ዪንዝ» ይላል። ኒው ዮርክና ፊላዴልፊያ ውስጥ «ዩዝ» የሚሉ አሉ። እንግሊዞች «ዩ ሎት» ይላሉ፤ ይኼኛው ትንሽ ቆጣ ያለ ቃና አለው። አብዛኛው የሰሜንና የምዕራብ አሜሪካ ሰው የያዘው «ዩ ጋይስ»ን ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በርት ቮክስ የተባለ የቋንቋ ምሁር በመላው አሜሪካ ባደረገው ጥናት ከመለሱት ከ10 ሰዎች 4 ያህሉ ብዙ ሰው ሲያነጋግሩ «ዩ ጋይስ» እንደሚሉ ተናግረዋል። ከምርጫዎቹ ሁሉ አንደኛ የወጣው እሱ ነው። «ዮል» ከዚያ በጣም ዝቅ ብሎ ይገኛል። እርስዎ ሜሪላንድ ስለሆኑ ሁለቱንም ሳይሰሙ አይቀሩም።

እዚህ ላይ ነው ጾታው የጠፋው። ቃሉ የ«እናንተ»ን ሥራ ሲይዝ ወንድነቱ ደበዘዘ። በ20ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሴቶች እርስ በርሳቸው ሲጠራሩበት ማንም አይገረምም ነበር። በ1970ዎቹ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ይታይ በነበረ የልጆች ንባብ ማስተማሪያ ተዋናይት ሪታ ሞሬኖ «ሄይ ዩ ጋይስ!» ብላ ስትጮህ ወንዱም ሴቱም ልጅ «እኔን ነው» ብሎ ነው ወደ ቴሌቪዥኑ የሚሮጠው።

አማርኛ ውስጥ የሚቀርበውን ልፈልግልዎ ብል «ልጆች» የሚለው ነው። ሃምሳና ስድሳ ዓመት የሞላቸው ጓደኛሞች ተሰብስበው አንዷ «በሉ ልጆች፣ መሸብን እንነሣ» ትላለች። ማንም «እኔ ልጅ አይደለሁም» ብሎ አይቆጣም። የአለቃዎ «ጋይስ» ከዚህ ጋር አንድ ነው። ንቀት የለበትም፤ የወዳጅነት ቅለት ነው ያለው። ምግብ ቤት ስትገቡ አስተናጋጁ አያትን፣ እናትንና ሕፃንን አንድ ላይ «ሃው አር ዩ ጋይስ ዱዊንግ?» ብሎ የሚጠይቀውም በዚሁ መንፈስ ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ የእርስዎ ጥርጣሬ መሠረት የለውም ማለቴ እንዳልሆነ ይወቁልኝ። «ጋይስ» ጾታ የማይለየው ሰዎቹን ፊት ለፊት ሲጠሩበት ብቻ ነው። ስለ ሦስተኛ ሰው ሲወራ ወዲያው ወንድ ይሆናል። «ዞዝ ጋይስ» ሲባል የሚታየን ወንዶች ነው። ነጠላው ደግሞ ፈጽሞ አይለወጥም። «ኤ ጋይ ካም ቱ ዘ ዶር» ከተባሉ በሩ ላይ የቆመው ወንድ ነው፤ ሴት ናት ብሎ የሚያስብ የለም። አንዲትን ሴት ለብቻዋም «ጋይ» ብሎ የሚጠራ የለም። ደግሞም የሴቱ ቃል ለወንዶች አይሆንም። ወንዶች የተሰበሰቡበት ክፍል ገብቶ «ሃይ ጋልስ» ያለ ሰው ሰደበን ይባላል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ አሜሪካውያን፣ በተለይ መምህራንና የቢሮ ኃላፊዎች፣ ቃሉን ትተው «ኤቭሪዋን»፣ «ቲም» ወይም «ፎክስ» ማለት ይመርጣሉ። («ፎክስ» በፊደላችን ከሰውየው ስም ጋር አንድ ሆኖ ቢጻፍም ሌላ ቃል ነው፤ ሰዎች፣ ወገኖች እንደማለት ነው።) ቅሬታቸው ልክ ይመስለኛል። ግን የሚሉትን ሁሉ እንደ ናቂ ማየት ስሕተት ነው። አብዛኛው ተናጋሪ እናቱ ያለችበትን ስብስብ ጭምር እንዲህ ብሎ ይጠራል።

ለሥራዎ የሚጠቅሙ ጥቂት አባባሎች ልጨምርልዎ፤ በየዕለቱ ስለሚሰሟቸው። «አይ ኖው ኤ ጋይ» ማለት «የማውቀው ሰው አለ» ነው፤ መኪና የሚያድስ፣ ቧንቧ የሚጠግን፣ ነገሩን በርካሽ የሚጨርስልን ሰው። «ዋይዝ ጋይ» ብልህ ማለት አይደለም። አዋቂ ነኝ ባይ፣ አፈ ጮሌ ማለት ነው፤ «ዶንት ቢ ኤ ዋይዝ ጋይ» ከተባለ ተግሣጽ ነው። «ፎል ጋይ» የሌላው ጥፋት የሚለጠፍበት ሰው ነው። «ሊትል ጋይ» ሁለት መልክ አለው፤ ስለ ሕፃን ሲሆን ትንሹ ልጅ፣ ስለ ፖለቲካና ስለ ገንዘብ ሲሆን ደግሞ ጉልበት የሌለው ተራ ሰው።

አንድ በጣም የምወደው አጠቃቀም አለ። ነርሷ የአንድ አዛውንት ክንድ ላይ ፕላስተር ስትለጥፍ «ሌት ሚ ፑት ዚስ ጋይ ራይት ሂር» ትላለች፤ «ይህን እዚህ ጋ ላድርገው» እንደማለት ነው። ጋይ የተባለው ፕላስተሩ ነው። ሼፎች ስለ ሽንኩርት፣ አትክልተኞች ስለ ችግኝ እንዲህ ያወራሉ። እኛም ትንሽ ነገር ስናቆላምጥ በሴት አንቀጽ «ይቺን እዚህ ጋ» እንላለን፤ ማንኪያዋ፣ ስኒዋ፣ ቦርሳዋ። እነሱ ዕቃቸውን ሲያቆላምጡ ወንድ ያደርጉታል። በእሳት የሚቃጠል ከሃዲ የነበረ ስም ለፕላስተር ማቆላመጫ እስኪሆን ድረስ መለስለሱ ይደንቀኛል።

የፎክስ ፊት ራሱ ግን አልተረሳም። በየሰልፉ የሚታየው ነጭ ጭምብል፣ ሹል ጢምና ፈገግታ ያለው፣ የእሱ ነው። ከ2008 ጀምሮ ራሳቸውን «አኖኒመስ» የሚሉ የኢንተርኔት ሰዎች አደባባይ ሲወጡ አደረጉት፤ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ሰልፎች ታይቷል። ልጅዎ ይህን ጭምብል በእርግጥ ታውቀዋለች። ያ ፊትና የአለቃዎ የጠዋት ሰላምታ ከአንድ ሰው መምጣታቸውን ይንገሯት።

አገር ቤትም ቃሉ ገብቷል። ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ ወጣቶቻችን «ሰላም ጋይስ» ብለው ነው የሚጀምሩት። እኛ «እናንተ» ስላለን ጉድለት ለመሙላት አላስፈለገንም። የወሰድነው ለቃናው ነው፤ የካሜራ ፊት ሰላምታ ሆኗል። እንደ እንግሊዝኛው ሁሉ ሴቶችም ወንዶችም ይጠሩበታል።

አሁን የመጨረሻው ጥያቄዎ፤ መልሰው ቢሉስ? ለሥራ ባልደረቦችዎ ይበሉ፣ ምንም ነውር የለውም። «ሲ ዩ ጋይስ ቱሞሮ» ብለው ከፈረቃ ቢወጡ አለቃዎ ደስ ይላታል። አንድ ሰው ብቻ ሲሆን ግን አይበሉ፤ «ጋይስ» ቢያንስ ሁለት ሰው ይፈልጋል። የሚንከባከቧቸውን አዛውንቶችና ጠያቂ ቤተሰቦቻቸውን ሲያናግሩ ደግሞ «ጋይስ» ከማለት «ኤቭሪዋን» ይሻላል። ከእነሱ ትውልድ ቅለቱን የማይወዱ አሉ። ለቢሮ በሚጻፍ ኢሜይልም «ኤቭሪዋን» ወይም «ኦል» ይጠቀሙ።

አነጋገሩን ይጠንቀቁ። «ጋ» አፍ ተከፍቶ ነው የሚባለው። ወደ «ጌ» ካዘነበለ «ጌይ» ይሆናል፤ እሱ ሌላ ቃል ነው፣ ለተመሳሳይ ጾታ ፍቅረኞች የሚባል። ይህን መምታታት በሐበሻ አንደበት ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ቤት ውስጥ ከልጅዎ ጋር ሁለቱን እያፈራረቁ ቢለማመዱ ቶሎ ይለያል።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ መጠንቀቅ ያለብዎ ግን ሌላ ቃል ነው፤ «ዩ ፒፕል»። «እናንተ ሰዎች»ን ቃል በቃል ስንመልስ የምናገኘው እሱን ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚቆጠቁጠው እሱ ነው። «እናንተ የዚያ ዘር፣ የዚያ ወገን ሰዎች» የሚል መለየት ስለሚሰማበት ነው፤ በተለይ ጥቁር አሜሪካውያን ጆሮ ላይ። በ1992 ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደሩ የነበሩት ቢሊየነር ሮስ ፔሮ ናሽቪል ውስጥ በአንድ ትልቅ የጥቁር አሜሪካውያን ማኅበር ጉባኤ ላይ ሲናገሩ አድማጮቹን «ዩ ፒፕል» አሉ። ሊያስቀይሙ አልፈለጉም ነበር። አዳራሹ ግን ተቆጣ፣ ወሬው በየጋዜጣው ወጣ፣ እሳቸውም ይቅርታ ጠየቁ። ሥራ ቦታ ለባልደረቦችዎ «እናንተ ምን ትላላችሁ?» ማለት ሲፈልጉ «ዋት ዱ ዩ ጋይስ ቲንክ?» ይበሉ። «ዩ ፒፕል»ን ከአፍዎ ያውጡት።